ደጅ የተጠናበት ድንጋይ

ቤቱ ከጠፋ በኋላ የቀረ ደጅ የማን ነው? ይህን ያነሣሁት ለክርክር ያህል አይደለም፤ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ጋይንት በሄድኩ ጊዜ ቤተሰቤ ጠይቆኝ መልስ ስላጣሁ ነው።

ከመንደራችን በላይ ጥንት የአንድ ባላባት ግቢ የነበረ ጉብታ አለ። አዳራሹ ፈርሶ በቦታው ዛሬ ድንች ይተከላል። የቀረው የጓሮው ካብና በደጁ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት የተጠረበ ድንጋይ ዓምዶች ናቸው። ካቡ በየቦታው ተንዶ ሳለ ከብቶቹ እስከ ዛሬ በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያልፋሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። አጎቴ ቤት ሊሠራ ስለሆነ ዓምዶቹን አፍርሶ ለመሠረት ሊያደርጋቸው ፈለገ። አያቴ እንቢ አሉ። እኔም «ተምረሃልና ፍረድ» ተባልኩ።

አጎቴ የሚለው እውነት አለው። ድንጋዩን ተሸክሞ የጠረበው የእኛው ወገን እንጂ ባላባቱ አልነበረም። መሬቱም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከባላባት እጅ ወጥቷል። «ያባቶቻችን ድካም ለልጆቻችን ቤት ቢሆን ምን ነውር አለው? የውርደታችንን ድንጋይስ ለምን እናቆማለን?» ሲል የምመልሰው አጣሁ።

አያቴ ግን ስለ ባላባቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር በርስት ክርክር እዚያ ደጅ ጠንተዋል። «ሰባት ቀን በቀኙ ድንጋይ ጥግ ተቀመጥን። ስንቃችን ቢያልቅ ቆሎ ያካፈለን እንደኛው ደጅ የሚጠና ሰው ነበር። እልፍኙን አላየሁትም፤ እኔ የማውቀው ድንጋዩን ነው» አሉ።

ለትምህርት ወደ ጎንደር ስመለስ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎ ቁስቋም ወጣሁ። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለው ያሠሩት ግቢ ነው። ጎንደር በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ስትቃጠል ከጉዳቱ አላመለጠም። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ጣራ የለውም፤ መስቀል የተቀረጸበት ግድግዳው ባዶ ቆሟል። የግቢው ቅጥር ግን ከነማማዎቹ አብዛኛው አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚዎቹ እቴጌይቱ የት ይቀመጡ እንደነበር ሲጠይቁ ሰማሁ። አቤት ባዩ የት ይቀመጥ እንደነበር የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም የአያቴን ነገር ባልሰማ ኖሮ አልጠይቅም ነበር።

በቋንቋችን «ደጅ ጠና» ማለት ፍርድን ወይም ሹመትን ፈልጎ ሲጠብቁ መዋል ነው። ባለ እልፍኙ ዜና መዋዕል ይጻፍለታል፤ ሥዕሉም በግድግዳ ይሣላል። ደጅ ጠኚው ከተደገፈው ድንጋይ በቀር መዝገብ የለውም። አጎቴ ውርደት ያየበት ቦታ ላይ አያቴ የሚያዩት አንድ እፍኝ ቆሎ ነው፤ ሁለቱም እዚያው ድንጋይ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ለአጎቴ ስልክ ደውዬ፣ «ከተናደው ካብ ውሰድ፤ ዓምዶቹን ግን እዚያ የተቀመጡት ሰው በሕይወት ሳሉ ያለ ፈቃዳቸው አትንካ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «እሺ፤ እሳቸው ካለፉ በኋላስ?» አለኝ።

እስካሁን አልመለስኩለትም።