አዲስ ቤት መግዛትና የኅሊናችን ጥያቄ

ቤት የሌለው ሰው ቤት ቢመኝ የሚነቅፈው የለም። ቤተ ሰብ የሚጸናው፣ ልጆች በሃይማኖትና በምግባር የሚያድጉት፣ ሽማግሌዎች በክብር የሚጦሩት በቤት ውስጥ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሰላም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት መጠለያን ከምግብና ከልብስ ጋር ከሰው ልጅ መብቶች መካከል መቁጠራቸውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ቤት መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ትናንት የሌላ ሰው እርሻ በነበረ መሬት ላይ የተሠራ አዲስ ቤት ስንገዛ፣ ከዚያ መሬት ለተነሣው ገበሬ ዕዳ አለብን ወይ?

ጥያቄው በሰሜን ሸዋ ላለን ምእመናን ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ቀድሞ በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ ነበር። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች አሏት። ሠራተኛው፣ መምህሩና ነጋዴው ቤት ይሻሉ፤ ከተማዋም በዙሪያዋ ወዳለው ወደ ባሶና ወራና ገጠር ትሰፋለች። ገብስና ባቄላ ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ ዛሬ የብሎኬት ግድግዳ ቆሞ፣ አዲስ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ እናያለን። ይህ ዕድገት በራሱ መልካም ነው፤ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗልና።

ነገሩን በሚገባ ለመመዘን አስቀድመን የምንገዛው ምን እንደ ሆነ እንለይ። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም፣ የከተማ ቦታ ደግሞ በዚያው ዓመት በሐምሌ በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በአገራችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጹ ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ቤት የገዛ ሰው የሚያገኘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብት ነው፤ በሊዝ ሕጉ መሠረት ይህ መብት ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። ሆኖም በገበያ የሚጠራው ዋጋ የግድግዳውና የጣሪያው ብቻ እንዳልሆነ ገዢም ሻጭም ያውቃሉ። ከመንገድ አጠገብ ያለው ቤትና በገደል አፋፍ ያለው ቤት በአንድ ዓይነት ድንጋይና ሲሚንቶ ቢሠሩም ዋጋቸው እኩል አይሆንም። ልዩነቱ የመሬቱ ነው።

ገበሬው የሚነሣበት ስሌት ግን ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 እንደ ደነገገው፣ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ በ5 ዓመት ውስጥ ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ይህን አሻሽሎ፣ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ፣ ካሳውም ገበሬው ከመነሣቱ በፊት እንዲከፈለው አዘዘ። ማሻሻያው ለፍትሕ የቀረበ እርምጃ መሆኑን መመስከር ይገባል። ነገር ግን ስሌቱን በአንድ ቤተ ሰብ ላይ እንመልከተው። አባቱ ካሳ ሲቀበል 5 ዓመት የሆነው ሕፃን፣ የ15 ዓመቱ ሒሳብ ሲያልቅ ገና 20 ዓመቱ ነው። ይኸውም ጎጆ ለመውጣት ከአባቱ ማሳ ድርሻ በሚጠብቅበት ዕድሜ ማለት ነው። መሬቱ ግን ባይወሰድ ኖሮ ለእርሱም፣ ለልጁም ይተላለፍ ነበር።

ከዚህም በላይ ካሳው የሚሰላው በገብሱና በባቄላው ምርት ሲሆን፣ በዚያው ማሳ ላይ የተሠራው ቤት ዋጋ የሚተመነው በከተማዋ ዕድገት ነው። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት ያፈራው የገበሬው ላብ አይደለም፤ የገዢው ላብም አይደለም። መንገዱን፣ ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱን ያሠራው የሕዝብ ሁሉ ድካም ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዕጥፍ ሲሸጥ ትርፉ የሚገባው ወደ ባለ ቤቱ ኪስ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1987 በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት በግል ንብረት ሁሉ ላይ ማኅበራዊ ዕዳ እንዳለበት ያስተማሩት ትምህርት እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታየናል።

«መሬቱን የወሰደው መንግሥት ነው፤ እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ገዛሁ፤ እኔ ባልገዛም ሌላው ይገዛዋል» የሚል ይኖራል። በእርግጥ በሕግ ፊት ይህ በቂ መልስ ነው። በኅሊና ፊት ግን ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ሊገዛው መቻሉ የሌላውን ኅሊና ይመለከታል እንጂ የእኛን ነጻ አያወጣም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ትክክለኛ ዋጋ ሲያስተምር ከቅዱስ አውግስጢኖስ የወሰደው አንድ ምሳሌ አለ። አንድ ሰው መጽሐፍ ሊገዛ ሄደ፤ ሻጩ የመጽሐፉን ዋጋ ባለማወቁ ጥቂት ገንዘብ ጠየቀ፤ ገዢው ግን ያልተጠየቀውን ትክክለኛ ዋጋ ከፈለ። ሕግ አላስገደደውም፤ የሚያየውም አልነበረም። የባልንጀራውን አለማወቅ ትርፍ አድርጎ መብላት ግን አልወደደም።

ይህ ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው በከተማው ዳር ከገበሬ እጅ በድብቅ መሬት የሚገዙትን ነው። መሬት መሸጥ የተከለከለ ስለ ሆነ ውሉ የብድር ወይም የስጦታ ልብስ ይለብሳል። ሁለት ሰዎች ይዋሻሉ፤ ሦስተኛውም ምስክር ሆኖ ይፈርማል። በአማራ ክልል በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አንድነት ይጻፋል፤ በስውር ውል ግን ሚስት ሳትጠየቅ፣ ልጆች ሳይሰሙ ማሳው ሊያልፍ ይችላል። በሌሊት የቆመው የጨረቃ ቤት በፈረሰ ጊዜ ገዢው ገንዘቡን ያጣል፤ ገበሬውም የተቀበለው ብር አልቆ፣ ማሳው ተበላሽቶ ይቀራል። ርካሽ የመሰለው ቤት በእውነት ርካሽ አልነበረም።

በቅዱስ መጽሐፍ የናቡቴን ታሪክ (1ኛ ነገ. 21) ስናነብ የአክዓብን ክፋት ብቻ አስታውሰን እናልፋለን። ንጉሡ በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ግን ለሰሚው ቅን ይመስላል፤ ከወይኑ የሚሻል ሌላ ወይን ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጥ ነበርና። ናቡቴ እምቢ ያለው ዋጋው አንሶት ሳይሆን የአባቶቹ ርስት በመሆኑ ነው። የከተማን ልማት ሁሉ ከአክዓብ ሥራ ጋር ማመሳሰል ስሕተት ነው። ነገር ግን ታሪኩ ለገበሬ መሬቱ ስሙ፣ ዘመዱና የአባቶቹ መቃብር ጎረቤት መሆኑን፣ ይህም በብር እንደማይቆጠር ያስተምረናል።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ያስታውሰናል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን መናገሻቸው አደረጉ። አንኮበርም ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ እስኪዛወሩ ድረስ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ዛሬ ከአንኮበር ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት ፍርስራሽ ነው፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ግን ዛሬም ያርሳል። በዚያ ዘመን ድንኳኑና የእንጨቱ ቤት ሲነሣ መሬቱ ወደ ማረሻ ሊመለስ ይችል ነበር። በሲሚንቶ የተሸፈነ ማሳ ግን አይመለስም። የዛሬው ገዢ ኀላፊነት ከጥንቱ ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ እንስጥ። ዕዳው ሁለት ዓይነት ነው። ገበሬው ካሳው እንዳልተከፈለው ወይም እንደ ተታለለ እያወቅን ከገዛን፣ ያለብን የፍትሕ ዕዳ ነው። ዘኬዎስም (ሉቃ. 19) ይህን ዕዳ በምጽዋት አላለፈውም፤ የበደለውን አራት ዕጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። ሁሉም በሕግ ተፈጽሞ ከሆነ ግን ያለብን የፍቅር ዕዳ ነው፤ የፍቅር ዕዳም ዕዳ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ፤ መሬቱ የማን ነበር? ካሳው ተከፍሎታል? ሚስቱ ታውቃለች? ዛሬ የት ይኖራል? ሻጩ እነዚህን ሲሰማ ቢቆጣ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። ከገባን በኋላም «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባል በእኛ ይፈጸም። የተነሣው ገበሬ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም፤ በትናንት ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ወይም የሌሊት ዘበኛ ሆኖ እናገኘዋለን። ለድካሙ የሚገባውን ደመወዝ እንክፈለው፤ በዕድራችን ስሙ ይጻፍ፤ ልጁ ሙያ እንዲማር እንርዳው። ካሳ ተቀብሎ ገንዘቡን በምን ሥራ ላይ እንደሚያውል ለጨነቀው ደግሞ ከመካከላችን ሒሳብና ንግድ የሚያውቁት ይምከሩት።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ሰባተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ በኪስ ሌባ ምሳሌ ብቻ አትወሰኑ። ልጆቹ የሚኖሩበት ሰፈር ቀድሞ ምን ይዘራበት እንደ ነበር፣ ማንስ ያርሰው እንደ ነበር ወላጆቻቸውን እንዲጠይቁ አድርጉ። የቤቱ ካርታ በስማችን ስለ ተጻፈ የገበሬው ስም ከጸሎታችንና ከማዕዳችን ሊፋቅ አይገባውም።