የጎረቤት ሐቅ

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ ላይ ይውረድ።

ምእመናን ሆይ! የሌላውን ሃይማኖት ሰዎች በሦስት ዓይነት ያዩታል። አንዱ ይንቀዋል፤ ሁለተኛው «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የራሱን ያላላል፤ ሦስተኛው ግን እምነቱን አጽንቶ የጎረቤቱን ሐቅ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ግፍ የሸሹት ሙስሊሞች ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ ወደ ነጃሺ በመጡ ጊዜ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ስለ ዒሳ ያለውን እምነት በንጉሡ ፊት አልሸሸገም፤ ንጉሡም ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጣቸውም።

አንተ የቦሌና የገርጂ ነጋዴ ሆይ! ክርስቲያን ጎረቤትህ ለሠርጉ ሲጠራህ፣ ሙስሊም አራጅ አስመጥቶ ለብቻህ ያሳርድልሃል። አንተስ ሚዛኑን ታጎድልበታለህን? ከለቅሶውስ ትርቃለህን? በሃይማኖታችን ምክንያት ላልተዋጉን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሕን አላህ አልከለከለንም። ከፍትሐውያን ያድርገን፤ አሚን።