ሕግና ኅሊና ሲጋጩ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። ተረቱ መታዘዝን ያስተምራል፤ ሥርዓት የጠፋበት አገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ደካማውን ሰው እንደ ሆነ እኛ ወጣቶችም አንስተውም። ነገር ግን ሕግ አንዱን፣ ኅሊናም ሌላውን ሲያዝ የትኛውን እንስማ? ደግሞስ «ኅሊናዬ ከለከለኝ» የሚል ሰው እውነቱን ይሁን፣ ወይስ እምቢተኝነቱን በኅሊና ስም ይሸፍን፣ በምን እንለየዋለን? ለዚህ ጥያቄ የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃንስ ኒልሰን ሃውገ በ1771 የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበር። ኤፕሪል 5 ቀን 1796 በወላጆቹ ማሳ ላይ ሲያርስ ልቡ በእግዚአብሔር ፍቅር እንደ ተነካና ለወገኖቹ እንዲናገር እንደ ተጠራ ራሱ መስክሯል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ አስተማረ። ሥራ ፈት አልነበረም፤ መንገድ ሲሄድ እንኳ በእጁ የሱፍ ሹራብ ይሠራ ነበር። ከወዳጆቹም ጋር የወረቀት ፋብሪካና የንግድ ሥራ አቋቋመ። ይሁን እንጂ በ1741 የወጣው ሕግ ተራ ምእመናን ያለ ካህን ፈቃድ ለትምህርት እንዳይሰበሰቡ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ሃውገ ደጋግሞ ታሰረ፤ በ1804 የተያዘው ግን ለብዙ ዓመታት ነበር።

በ1809 የሆነውን ልብ እንበል። የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ስለ ዘጉ በኖርዌይ ጨው ጠፋ። ጨው ከሌለ ዓሣውና ሥጋው ለክረምት አይቆይም። መንግሥትም ጨው ከባሕር ውሃ የሚወጣበትን ሥራ እንዲያቋቁም እስረኛውን ለጊዜው ፈታው። ሃውገ «ያሰራችሁኝ እናንተ፣ የምትለምኑኝም እናንተ» ብሎ ቂሙን ሊወጣ ይችል ነበር። እርሱ ግን ሥራውን ፈጽሞ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰ። በ1811 ጤናው ተሰብሮ ወጣ፤ በ1814 የመጨረሻው ፍርድ የ1000 ሪክስዳለር መቀጮ ሆነ። በ1824 አረፈ። የተቀጣበት ሕግ የተሻረው እርሱ ካረፈ በኋላ በ1842 ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያችው አገር ጥያቄው እንደገና ተነሣ። በ1940 የናዚ ጀርመን ጦር ኖርዌይን ያዘ። በፌብሩዋሪ 1942 ለወራሪው ያደረው የክዊስሊንግ መንግሥት ከ10 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ በፓርቲው የወጣቶች ማኅበር እንዲገቡ አዘዘ። ጳጳሳቱ ልጅን ማሳደግ የወላጆች አደራ ነው ብለው ተቃወሙ። በዚያው ወር የኦስሎው ጳጳስ ኤይቪንድ ቤርግራቭና የሥራ ባልደረቦቹ ከመንግሥት የተቀበሉትን ሹመት መለሱ። በፋሲካ ዕለት፣ ኤፕሪል 5 ቀን፣ የአቋም መግለጫቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ተነበበ፤ አብዛኞቹ ቀሳውስትም የመንግሥት ሹመታቸውን ተዉ። ምእመናኑን ግን አልተዉም፤ ማስተማሩንም መቅበሩንም ቀጠሉ። ቤርግራቭ በዘበኛ እየተጠበቀ እስከ 1945 በአንዲት የጫካ ጎጆ ታሰረ።

እንግዲህ እውነተኛውን የኅሊና ሰው ከእምቢተኛው የሚለዩት ሁለት ምልክቶች ይመስሉናል። አንደኛ፣ የእምቢታውን ዋጋ ራሱ ይከፍላል እንጂ በሌላው ትከሻ ላይ አይጭነውም። ሁለተኛ፣ ትእዛዙን እምቢ ቢልም ወገኑን ማገልገል አይተውም። ሕግ ስለ ከበደው ብቻ የሚሸሽ ሰው ግን ሕጉንም ወገኑንም አብሮ ይጥላል።

«ውጤት ከሌለው ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በኖቬምበር 1942 የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች ስለ አይሁድ መከራ ለክዊስሊንግ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ነገር ግን በዚያው ወር ከ500 በላይ አይሁድ በመርከብ ተጭነው ወደ ሞት ተወሰዱ። ደብዳቤው መርከቢቱን አላስቀረም። ቢሆንም ዝምታ ቢሆን ኖሮ ግፉ ሕግ መስሎ በሰው ልብ ውስጥ በተተከለ ነበር።

እኛም ወጣቶች «ኅሊናዬ» ከማለታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ዋጋውን ልንከፍል ዝግጁ ነን? ያሰረን ሰው ጨው ቢያጣ እንሠራለታለን?