እጁ ነው ወይስ እሳቱ?

ቀላል ኢንቨርተር ለመሥራት ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ትራንዚስተርና መሐሉ ላይ ሽቦ የወጣለት ትራንስፎርመር፣ ትራንዚስተሮቹን የሚያዝ ትንሽ ሰርኪዩትም ያስፈልጋሉ። የባትሪው ዲሲ የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ትራንዚስተሮቹ ግን ተራ በተራ እየተከፈቱና እየተዘጉ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጥቅል ይነዱታል። 50 ኸርዝ የሚገኘው አቅጣጫው በሴኮንድ 100 ጊዜ ሲገለበጥ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን ወደ 230 ያሳድጋል፤ አምፖሉም ይበራል።

ይኸው ዕቃ በእስራኤል የረቢዎች ክርክር ውስጥ ገብቷል።

ኦሪት ዘጸአት 35፥3 በሰንበት እሳት ማንደድን ይከለክላል። ዓርብ በርቶ ያደረውን አምፖል ቅዳሜ የሚነካው የለም፤ ኃይል ማመንጫው ውስጥ ግን አይሁዳዊ ሠራተኛ ሥራ ላይ ነው። ብኔ ብራቅ ይኖሩ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ያረፉትና በመጽሐፋቸው ስም ሐዞን ኢሽ የሚባሉት ረቢ አቭራሃም የሻያ ካሬሊትዝ በዚህ ኃይል መጠቀም አይገባም አሉ። ሌሎች ደግሞ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፤ ሆስፒታል መብራት ካስፈለገው ከዚያው መስመር ጎረቤቱም ቢጠቀም ነውር የለውም ብለው ተከራከሩ። የሐዞን ኢሽን ቃል የያዙት በጄኔሬተር፣ ኋላም ዓርብ በሞላ ባትሪና በኢንቨርተር ሰንበታቸውን ማሳለፍ ጀመሩ።

ሒሳቡ አያስቸግርም። 60 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 720 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በሰንበቱ 25 ሰዓት የሚፈልገው 225 ነው። ቻርጀሩ ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ካልተነቀለ የተደከመው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ባትሪው ቅዳሜም ከዚያው መስመር እየጠጣ ይውላል።

ታዲያ ብርሃኑ የዓርብ ሥራ ነው ወይስ የቅዳሜ? ጥያቄው ኤሌክትሪክን ይቀድማል። በጥንታዊው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሚሽና እንደተጻፈው የሊቁ ሻማይ ወገኖች ቀለም ዓርብ የሚዘፈዘፈው ገና በቀን የሚርስ ከሆነ ብቻ ነው ሲሉ፣ የሊቁ ሂሌል ወገኖች ሰው እጁን ካነሳ በኋላ ነገሩ በራሱ ቢቀጥል ምን አለበት ብለው ፈቀዱ። ሕጉም በሂሌል ጸና። በጎንደር የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ግን ዓርብ ምድጃቸውን አጥፍተው ቅዳሜ የቀዘቀዘ ምግብ ይበሉ ነበር። ለሂሌል ወገን ማረፍ ያለበት እጅ ነው፤ ለጎንደሮቹ እሳቱም ጭምር። ሌሊቱን ሙሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚገለባበጥ ሣጥን በመጀመሪያው ሚዛን ያልፋል፤ በሁለተኛው ግን ማለፉ ያጠራጥራል።

በመጀመሪያው ሚዛን ያለፈውም ቢሆን ሌላ ፈተና አለበት። ባትሪው ወደ 10.5 ቮልት ሲወርድ ብዙ ኢንቨርተሮች መጮኽ ይጀምራሉ። ጩኸቱ ቅዳሜ ማለዳ ከመጣ ቤተሰቡ ቁርሱን በዚያው ጩኸት ውስጥ ይበላል፤ ማጥፊያው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።