የማላውቀውን መጠየቅ

ሒሳብ ከ30 11 ያገኘ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል በኋላ አስቀርቼ፣ በቅርቡ በወሰድኩት የኮቺንግ ሥልጠና የተማርኩትን ጥያቄ አቀረብኩለት። «ግብህ ምንድን ነው?» ጫማውን አየ። «ማለፍ፣ ቲቸር።» «ለማለፍ ምን አማራጭ አለህ?» አሁንም ጫማውን። «ማጥናት።» የተሸመደደ ጸሎት የምንቀባበል እንመስል ነበር።

ጥያቄዎቹ ጆን ዊትሞር በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋቸው ናቸው፤ ግብ፣ ያለህበት ሁኔታ፣ አማራጭ፣ ቁርጠኝነት። መነሻቸው ግን ቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። ቲሞቲ ጋልዌይ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ክንድህን እንዲህ አንሣ እያለ ከማዘዝ ይልቅ ተጫዋቹን ኳሷ ስትነጥር «ነጠረች»፣ ራኬቱ ሲያገኛት «መታሁ» እያለ ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርገው ነበር። ልብ ኳሷ ላይ ሲያርፍ እጅ ራሱን ያርማል። በኋላ አንቶኒ ግራንት በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የኮቺንግ ሳይኮሎጂ ክፍል ሲያቋቁም ነገሩ ከሜዳና ከቢሮ አልፎ የምርምር መስክ ሆነ፤ ትምህርት ቤትም ገባ።

በዚህ ሁሉ ሥር አንድ እምነት አለ፦ መልሱ ያለው ተማሪው ውስጥ ነው የሚል። እኔን የሚጎረብጠኝ ይሄ ነው። የሒሳብ ቀመር ማን ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል? ሶቅራጥስ በፕላቶን «ሜኖ» ውስጥ ጂኦሜትሪ ያልተማረ ባሪያ ልጅ በጥያቄ ብቻ እየመራ የካሬን ስፋት እጥፍ ማድረጊያውን ያስገኘዋል። ሰያፏን መስመር የሳላት ግን ራሱ ሶቅራጥስ ነው። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ያለው «አዎ» ብቻ ነው። እኔም ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስል 63 ተማሪ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይለኛል።

የቅኔ ቤት የኔታ ሌላ ነው። ግሱን፣ አገባቡን፣ ታሪኩን ሳይቆጥብ ያስተምራል። ከዚያ ተማሪው ብቻውን ጥላ ሥር ሄዶ ቅኔ ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና። ለነገራ፣ ማለትም ቅኔውን ለማሰማት፣ ሲቀርብ የኔታ የሚሰማው ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ነው፤ ቅኔ አይደገምማ። ማዳመጡ የእውነት የሆነው መልሱ እሱ ዘንድ ስለሌለ ነው።

መልሱን እያወቅኩ የምጠይቀው ጥያቄ ምንም ባለሰልሰው ፈተና ነው። ኮቺንግ የሚጀምረው ከልጁ በቀር ማንም ሊመልሰው የማይችለው ላይ ነው። (ኮች ማለት አሠልጣኝ ነው ስንል በጩኸት የሚያዝዝ ሰው ይታየናል። በግእዝ ግን አሠልጠነ ሥልጣን ሰጠ ነው።) የዚያ ልጅ ፈተና መልስ በእጄ ነበር። ልጁ የት ላይ እንደጠፋ ግን አላውቅም።

በሳምንቱ ወረቀቱን መሐላችን አስቀምጬ «የት ላይ ነው የጠፋብህ?» አልኩት። ጣቱ ቁልቁል ሄደና፣ 7 የእኩል ምልክቱን ተሻግሮ ከመቀነስ ወደ መደመር የተለወጠበት ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ ለምን እንደሚቀየር… ሰባተኛ ክፍል ነው ያመለጠኝ።» ሁለት ዓመት! ስለ ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኩትም፤ ጠመኔ አንሥቼ በቀጥታ አስተማርኩት። አሥር ደቂቃ በቃው።

ቁርጠኝነት የሚባለው ጥያቄ ነው የከበደኝ። ማታ መቼ እንደሚያጠና ስጠይቀው፣ እናቱን ተክቶ ጉልት ላይ እንደሚያመሽ ነገረኝ። እንዲህ ላለ ልጅ «ዕቅዱ የራስህ ነው» ማለት እጅን መታጠብ ነው፤ ድህነቱን የፍላጎት ማነስ አድርጎ መልሶ ለእሱ ማሸከም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት። የማውቅ መስዬ ለመታየት እንኳ አልሞከርኩም።

ትንሽ አሰበ። «ምሳ ሰዓት ላይ ክፍላችን ባይቆለፍ።»

ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።