የሜዳው በር ለማን ይከፈት?

የዛፍ ጥላ ይሸጣል ወይ? ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል። በአዲስ አበባችን ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀልድነቱ ቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የአንድነት ፓርክ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከተሉ። ሕዝብ ለዘመናት አጥሩን ብቻ ሲያይ የኖረው ቤተ መንግሥት በሩን መክፈቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር፣ የ«ቪ.አይ.ፒ.» ደግሞ 1,000 ብር ነበር። በአንድ ዛፍ ሥር ልዩ እንግዳና ተራ እንግዳ በምን እንደሚለዩ እስካሁን አልገባኝም።

ክፍያን የሚደግፉ ወገኖች የሚሉት አላቸው። ሣር ይታጨዳል፣ ችግኝ ውኃ ይጠጣል፣ አትክልተኛና ጠባቂ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ነጻ የሆነ ነገር ባለቤት አጥቶ ይቆሽሻል ይላሉ። ሐሰት ነው አልልም፤ ጠባቂ አጥተው ቆሻሻ መጣያ የሆኑ ቦታዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥለውም «ዋጋው ለሁሉም እኩል ነው፤ ማንም አልተከለከለም» ይላሉ። የኔ ጠብ ከዚህች ከመጨረሻዋ አባባል ጋር ነው።

ለመሆኑ እኩል ዋጋ ፍትሕ ነውን? ለባለ መኪናው የመግቢያ ዋጋ ለምሳ ከሚከፍለው ያንሳል። በቀን ሥራ የሚያድረው አባት ግን ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ታክሲውን ጨምሮ ሲያሰላ የሳምንት አስቤዛውን በር ላይ ይተወዋል፤ ወይም ቤቱ ይቀራል። ባለ መኪናው ባይገባም ግቢው ውስጥ የራሱ ሣር አለው። የድሃው ልጅ ከዚያ ሜዳ ሌላ ያለው አስፋልቱ ነው።

ይህን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ ታሪክ በእጃችን አለ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን የሒማ ኃላፊ አድርገው ሾሙት። ሒማ ማለት ለጋራ ጥቅም ተከልሎ የሚጠበቅ የግጦሽ መሬት ነው። መመሪያቸው ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብቶች ግን እንዲጠነቀቅ ነበር። ሁለቱ በጀነት የተበሠሩ ታላላቅ ሰሓቦች ናቸው፤ ዑመር በእነርሱ ላይ ቂም ይዘው አልነበረም። የእነርሱ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የድሃው ያለቀ እንደሆነ ግን ልጆቹን ይዞ ደጃፋቸው ይቆማል። ያኔ ወርቅና ብር ከመስጠት ዛሬ ሣሩንና ውኃውን መፍቀድ እንደሚቀል አስረዱት።

ልብ በሉ፤ ሒማው ክልልም ጠባቂም ነበረው። ክርክሩ ጠባቂ ይኑር አይኑር አይደለም፤ ጠባቂው ማንን ይመልሳል ነው። ዑመር የጠየቁት «ማን መክፈል ይችላል?» ብለው ሳይሆን «ማን ሌላ መሄጃ የለውም?» ብለው ነበር። እኛ ትኬት ስንቆርጥ የምንጠይቀው የመጀመሪያውን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ያለ ትኬት የሚቀመጡባቸውን አግዳሚዎችና የሕፃናት መጫወቻዎችን ወደ መንገድ ዳር አምጥቷል። ምሽት ላይ ሕፃናት ሲርመሰመሱባቸው ያየ ሰው ጥማቱ ምን ያህል እንደነበር ይረዳል። ሆኖም ለዚሁ ሥራ በፒያሳና በሌሎችም አካባቢዎች ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል። ወደ ከተማው ዳር የተነሣ ቤተሰብ በቀድሞ ደጁ በተተከለው አበባ አጠገብ ለመቀመጥ ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት። ይህን ትኬት ብለን አንጠራውም እንጂ ያው ትኬት ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች ከሳምንቱ አንዱን ቀን፣ ያውም ሠራተኛው የሚያርፍበትን እሑድን፣ በነጻ ቢያደርጉት የሚጎዳ ካዝና ያለ አይመስለኝም። የሠርግ ፎቶና የድርጅት ግብዣ የሚያመጡት ከፍ ያለውን ይክፈሉ። ከሁሉ በፊት ግን በየኮንዶሚኒየሙ መሐል ለልጆች ተብሎ የተተወው ባዶ ቦታ በሱቅና በመኪና ማቆሚያ ከመያዙ በፊት ይከለል፤ እዚያ ለመድረስ ታክሲም ትኬትም አያስፈልግም።