ሃይማኖታችንና ጓዳችን

እሑድ ጠዋት ደወሉ ሲደወል ነጠላችንን ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንገሰግሳለን። ከመካከላችን አንዳንዱ በመዘምራን፣ አንዳንዱ በትምህርተ ክርስቶስ መምህርነት፣ ሌላውም በበጎ አድራጎት ማኅበር ያገለግላል። ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን ገንዘብ እናዋጣለን፤ የታመሙትንም እንጠይቃለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ጓዳችን ውስጥ ለምሳችን ሽንኩርት የምትከትፈውን የቤት ሠራተኛችንን አስበናት እናውቃለንን? እርሷስ የምታስቀድሰው መቼ ነው? ያለፈው ወር ደመወዟስ ተከፍሏታልን?

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ጥያቄው እኛን ጸሐፊዎቹንም የሚነካ ነውና። የነገሩ ሥር ይህ ነው፦ ለሌላው የሚገባውን ሳንከፍል የምንሰጠው ምጽዋት፣ ምጽዋት ሊባል ይችላልን?

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ያስተማረችው ግልጽ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ባስተላለፉት መልእክት፣ ደመወዝ ሠራተኛው በጨዋነት የሚኖርበት ሊሆን እንደሚገባ አስረድተዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ድንጋጌ፣ በፍትሕ የሚገባው ነገር እንደ ፍቅር ስጦታ ተቆጥሮ እንዳይሰጥ፣ አስቀድሞ የፍትሕ ግዴታ ይፈጸም ዘንድ አሳስቧል። ሐዋርያው ያዕቆብም የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል (ያዕ. 5፡4)። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዳሉት፣ ከሠራተኛችን ደመወዝ አዘግይተን በሙዳየ ምጽዋት የምንጥለው ብር የእርሷ እንጂ የእኛ አይደለም።

«ገቢያችን አነስተኛ ነው፤ ደግሞም እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚል ይኖራል። የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የአስተማሪና የጸሐፊ ደመወዝ ከወር ወር እንደማያደርስ እናውቃለን። ቢሆንም ችግር የክፍያውን መጠን ሊወስን ይችል ይሆናል እንጂ፣ የተስማማንበትን በቀኑ ከመክፈል፣ ከማሳረፍና በስሟ በአክብሮት ከመጥራት አይከለክለንም። ሁለተኛውን ቃል ግን እንመርምረው። ልጃችን ብትሆን ኖሮ ከሁሉ ኋላ ትበላ ነበርን? የማታ ትምህርት ልማር ብትል እንከለክላት ነበርን? ልጅነቷ ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚታወስ ከሆነ፣ ቃሉ የፍቅር ሳይሆን የሒሳብ ማምለጫ ሆኗል።

እኅቶቻችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ሄደው ደመወዛቸው ሲከለከል፣ ፓስፖርታቸውም ሲያዝ በሰማን ጊዜ እናዝናለን፤ እንጸልይላቸዋለን። ማዘናችን ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በባዕድ አገር በደል የምንለውን በቤታችን ልማድ ካልነው፣ ሁለት ሚዛን ይዘናል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች በተቀበለው ስምምነት በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ደንግጓል። ሰንበትን ከእግዚአብሔር የተቀበልን እኛ ከዚህ ልናንስ አይገባንም።

በ13ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ፣ በሉካ ከተማ፣ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ከልጅነቷ ጀምሮ ያገለገለችውና በ1272 ያረፈችው ቅድስት ዚታ የቤት ሠራተኞች ጠባቂ ሆና ትከበራለች። ትዕግሥቷን ብዙ ጊዜ ለሠራተኞች እንሰብካለን። ነገር ግን ቅድስናዋ የአሠሪዎችን በደል አያጸድቅም፤ እርሷን የምናከብር ከሆነ ከሠራተኛችን ትዕግሥትን ከመጠየቅ በፊት ትዕግሥት የሚያስፈልጋትን ምክንያት ማስወገድ የእኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ፣ ውድ ምእመናን፣ ሐዋርያዊ ሥራችንን ከቅርቡ እንጀምር። ደመወዟን በቀኑ እንክፈል። በእሑድ ተራ እንግባላትና ወደ ጸሎቷ፣ ሃይማኖቷ የተለየ ቢሆንም ወደ ራሷ ጸሎት ቤት፣ በነጻነት ትሂድ። ምሳው በዚያ ቀን ቢዘገይ ምንም አይጎድልብንም። ጌታችን በመጨረሻው ቀን ስለ ተራበውና ስለ እንግዳው ሲጠይቀን (ማቴ. 25)፣ ከእኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረችው ምስክራችን እንጂ ከሳሻችን እንዳትሆን፣ እርሱ በቸርነቱ ይርዳን። አሜን።